ኮንቴነር፣ ብሎኬት ወይስ ጭቃ? ጎንደር ላይ ትንሽ ቤት ለምትሠሩ

«ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ፈልጌ ነበር፤ ኮንቴነር ልግዛ ወይስ ላሠራ?» ከመስቀል ወዲህ ብቻ አራት ወዳጆቼ ይህንኑ ጠይቀውኛል። በሁለቱም ስላለፍሁ መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ሥሩ።

በ2015 ዓ.ም. ባለ 20 ጫማ አሮጌ ኮንቴነር በ210 ሺህ ብር ገዛሁ። ሻጩ «ያለቀለት ቤት ነው» ብሎኝ ነበር። ለመኪናና ለክሬን 38 ሺህ፣ በርና መስኮት ለቆረጠው በያጅ 22 ሺህ፣ ውስጡን በሞራሌና በኮምፔርሳቶ ለማስለበድ 55 ሺህ ከፈልሁ። ድምሩ 325 ሺህ ብር ነው፤ ያገኘሁት ደግሞ 14 ካሬ ሜትር የማይሞላ ክፍል።

ሳይለበድ በፊት ያደርሁባትን የኅዳር ሌሊት አልረሳትም። የጎንደር ብርድ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግንባሬ ላይ ጠብ ይል ጀመር። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ራሱ በማዕዘኑ ገባ። በያጁ ቦታውን በመዶሻ ሲነካው አዲሱ ቀለም ተፈረፈረ፤ ከሥሩ በስቱኮ የተደፈነ መዳፍ የሚያህል ዝገት ወጣ። ወለሉም ተቀይሮ ነበር። የኮንቴነር የራሱ ወለል ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኮምፔርሳቶ ነው፤ የእኔው ሲረግጡት የሚረግብ ስስ ችፑድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የግድ ኮንቴነር የሚል ሰው ቀትር ላይ ይሂድ፤ ውስጥ ገብቶ ጓደኛው በሩን ከውጭ ይዝጋለት። ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚገባበት ቦታ ካለ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

ከአዲስ አበባ ስለሚመጣው የሳንድዊች ፓነል (በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሐል ፎም ወይም ሌላ ሙሌት ያለበት ግድግዳ) ቤትም ይጠይቁኛል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጫንበትን ሒሳብ ተዉትና፣ መሐሉ ፎም ከሆነ ምድጃ የሚነድበት ግቢ ውስጥ አላስገባውም።

ብሎኬት ለኪራይ ቤት ይሻላል፤ ተከራይ ግድግዳ አይጠግንላችሁም። ሒሳቡ ግን ብሎኬቱ ላይ አያልቅም። ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ወይም 13 ብሎኬት ይገባል፤ ወለሉ 14 ካሬ ለሆነ ክፍል አራቱ ግድግዳ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 425 ያህል ማለት ነው። ብረቱ፣ ሲሚንቶውና ልስኑ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አሸዋ በዝቶበት የተመታ ብሎኬትም ሞልቷል፤ ማዕዘኑን በጥፍራችሁ ፋቁት፣ ከተፈረፈረ አትጫኑት።

የጭቃዋን ክፍል በ2016 ዓ.ም. በ148 ሺህ ብር ጨረስሁ፤ ሊሾውና ኮርኒሱ ጭምር። ስፋቷ ከኮንቴነሩ እኩል ነው፤ ሌሊት ትሞቃለች፣ ቀን ትቀዘቅዛለች። ድንጋዩን እስከ ጉልበት ድረስ አስነሡት፤ ጭቃን የሚገድለው ከሥር የሚወጣ እርጥበትና ምስጥ ነው። የአጠናውን እግር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሁለት ሳምንት ይቡካ፤ ሠራተኛው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። በሲሚንቶ ማስለሰን ግን አታስቡ። የጎረቤቴ ግድግዳ በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ተላጠ። እኔ በየጥቅምቱ የተሰነጠቀውን በጭቃ አስደፍናለሁ፤ ዘንድሮ የሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ሆነ።

ከሁሉም በላይ የምትታለሉት ቆርቆሮ ላይ ነው። የጌጅ (የውፍረት መለያ) ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ሻጭ ግን 35ቱን 30 ነው ብሎ ይሸጣል። እኔም ከገዛኋቸው 12 ቆርቆሮዎች ሦስቱን መልሻለሁ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ተውሳችሁ ሂዱ፤ ጫፉን ሳይሆን መሐሉን፣ ከላይ ያለውን ሳይሆን ከክምሩ ሥር የተጎተተውን ለኩ።