«ቲት ቲት» የምትለው አዲሷ ታክሲዬ፦ ከ14 ወር በኋላ

«መኪናህ ለምንድነው እንዲህ የምትጮኸው?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ፍራንክፈርት ላይ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ጆሮዬ ሥር ሲጮህ መዋሉ እንግዲህ አዲስ አይደለም። የአሁኗን መኪና በ2024 መገባደጃ አዲሷን ገዛኋት፤ ሃይብሪድ ናት፤ እስካሁን 62 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የአምራቹን ስም አልጠራም። ወንበሩ፣ ነዳጅ አጠቃቀሙ፣ የሻንጣው ቦታ እንከን የለውም፤ ሁለት ትልልቅ የኢትዮጵያ መንገደኛ ሻንጣ ከነኮተቱ ይይዛል፤ ከዚህ በላይ ምስክርነት አልሰጥም። የምጽፈው ስለ ፍጥነት አስጠንቃቂው ነው።

ነገሩ የሕግ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 7 ቀን 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ አዲስ ሆኖ የሚመዘገብ መኪና ሁሉ ይህ ነገር ሊኖረው ይገባል፤ አዲስ ለሚወጡ ሞዴሎች ደግሞ ከ2022 ጀምሮ። ከፊት መስታወቱ በስተጀርባ ያለችው ካሜራ ምልክቱን ታነባለች፣ የናቪጌሽኑ ካርታ ያግዛታል፣ የተፈቀደው ፍጥነት ዳሽቦርዱ ላይ ይወጣል። ሲታለፍ መጀመሪያ ምልክቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ካልሰማችሁ ቲት ቲት ይጀምራል። ፍሬን አይይዝም። ሕጉ ለአምራቾች አራት ምርጫ ሰጥቷል፦ በድምፅ ማስጠንቀቅ፣ በንዝረት ማስጠንቀቅ፣ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ከሥር መግፋት ወይም ፍጥነቱን ራሱ እንዲቀንስ ማድረግ። በየትኛውም ቢሆን ነጂው ጠንከር አድርጎ ከረገጠ ያልፈዋል። የኔው አምራች ድምፅን መረጠ። ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ሞተር በተነሳ ቁጥር ራሱ ተመልሶ ይበራል። ይህ ለቤት መኪና ምንም ላይሆን ይችላል፤ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ነው። ታክሲ ግን ሰልፍ ላይ አጥፍቶ፣ አስነስቶ፣ አምስት ሜትር ተጠግቶ፣ እንደገና አጥፍቶ ነው የሚውለው። በቀን ሃያ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ቢሆንም የሚያናድደኝ መጮሁ አይደለም፤ ተሳስቶ መጮሁ ነው። ሚኒባስ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥሩ ወያላ ዝም ብሎ ቆይቶ በሰዓቱ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ እግራችሁ ሳታስቡት ፍሬኑ ላይ ይሆናል። ሃያ ሁለት ሳትደርሱ «ኡራኤል ወራጅ!» የሚል ወያላ ግን ከሁለት ቀን በኋላ አይሰማም፤ እውነቱን ሲናገርም አታቆሙለትም። የኔ መኪና እንዲህ ዓይነቷ ናት።

ለምሳሌ በኤ5 አውቶባን (አውራ ጎዳና) ወደ ዳርምሽታት ስወርድ፣ ገደብ በሌለበት ክፍል ላይ፣ ከፊቴ ያለው አውቶቡስ ጀርባው ላይ «100» የሚል ክብ ምልክት ለጥፏል። ለራሱ የተፈቀደለት ፍጥነት ነው። ካሜራዋ ለእኔ መሰላትና 100 ብላ ያዘች፤ ቲት ቲት። መውጫ አጠገብ ስንደርስ ለሚወጡት የተተከለውን 60 ለኛ ታነበዋለች። ከምልክቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ሰሌዳማ ጨርሶ አትወድም። «መንገዱ ሲረጥብ 80» የሚለውን በደረቅ ፀሐይ 80 ታደርገዋለች። ለመኖሪያ ሰፈር ፀጥታ ተብሎ ከሌሊቱ 22 ሰዓት እስከ ጠዋት 6 ሰዓት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የተባለውን 30 እኩለ ቀን ላይ ታስከብራለች። አንድ ቀን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ወደ አየር ማረፊያ የወሰድኳቸው አባት ኋላ ተኝተው ሳለ እንዲህ ባለ ውሸት ቀሰቀሰቻቸው። «ምን ሆንን?» አሉ ደንግጠው። ምንም አልሆንን፤ አውቶቡስ አየን።

ሌላም አለ። የኮንታኪሎሜትር ነገር ነው። ሕጉ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ሁሉም መኪና ጥቂት ይጨምራል። የኔ 50 ስትል ስልኬ ላይ 47 ነው። እሷ ደግሞ የምትጮኸው በራሷ ቁጥር፣ 51 ላይ ነው። በእውነቱ 48 እየሄድኩ እወቀሳለሁ ማለት ነው።

አየር ማረፊያው ሰልፍ ላይ ስለዚህ ነገር የማይከራከር የለም። አንድ ኤርትራዊ ባልደረባዬ ጠዋት በስመ አብ ይልና ሞተር ያስነሳል፤ እጁ ከግንባሩ ሳይወርድ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። አንድ የቱርክ ሽማግሌ ይህን ፈርቶ ሆን ብሎ የ2021 ያገለገለ መኪና ገዛ። ሌላው «ለፖሊስ እየላከብን ነው» ብሎ ይምላል። ይሄኛው እውነት አይደለም። ይህ አስጠንቃቂ ለማንም አይልክም። ከሱ ተለይቶ በዚያው ሕግ የገባ ጥቁር ሳጥን አለ፤ ግጭት ሲደርስ ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች የሚመዘግብ። ሁለቱ እየተምታቱ ነው ወሬው የሚነዛው።

ሀገር ቤት አይሱዙ የሚነዳው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በስልክ ሳጫውተው ሳቀብኝ። ለሱ ስፒድ ሊሚተር ማለት ነዳጁን ቆርጦ አላልፍም የሚለው ነው። «ጋሼ፣ ካልያዘህ ታዲያ ምኑን ገደበህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህም ከባድ የጭነት መኪኖች በ90 የተገደቡት ገና ድሮ ነው፤ ያ መገደቢያ ግን አይጮህም፣ መኪናው አይሄድም፣ አለቀ።

እንግዲህ ስለ ራሴ ጥፋትም ልናገር። ባለፈው መጋቢት አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ አጥፍቼው ከቤት ወጣሁ። ትምህርት ቤት ያለበት የ30 ሰፈር ነው፤ ሦስት ዓመት በየቀኑ የማልፍበት። ብሊትዘሩ (ፍጥነት ለክቶ ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ) ከቆመ መኪና ጀርባ ተደብቆ ነበር። ደብዳቤው መጣ፦ 45 ተለክቷል፣ 3 ተቀንሶ 42፤ ቅጣት 50 ዩሮ። እዚህ ሀገር ፎቶው የነጂውን ፊት ነው የሚያነሳው፤ አፌን ከፍቼ ስልክ ላይ እያወራሁ ነው፣ በእጅ ነፃ መሆኑ ብቻ አዳነኝ። ባለቤቴ ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፣ እስከ ፋሲካ አልወረደም። ትንሽ ብጨምርበትና ከ20 በላይ ባልፍ 115 ዩሮና ፍሌንስቡርግ ላይ፣ የነጂዎች ጥፋት በሚመዘገብበት መዝገብ፣ አንድ የቅጣት ነጥብ ይሆን ነበር። ለታክሲ ነጂ ነጥብ ማለት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ያን ዕለት መኪናዋ ትክክል ነበረች፣ የምትናገርበትን አፍ ግን እኔው ዘግቼባት ነበር። የዘጋሁት ደግሞ በአውቶቡሷ ምክንያት ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምጠቀመው። ከተማ ውስጥ አላጠፋውም። አውቶባን ስገባ አጠፋዋለሁ። ከዚህ ሁሉ የወደድኩት ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ሌላውን ነገር ነው፦ መሪው ላይ ያለውን የፍጥነት መገደቢያ። ካሜራዋ 50 ስታይ በአውራ ጣቴ አንዴ እጫናለሁ፣ ከ50 አታልፍም፤ ብረግጥም ዝም ትላለች፣ እስከ መጨረሻው ካልደፈቅኩት በስተቀር። ተሳስታ 60 ካነበበች ደግሞ አልጫንም፣ ተዋወቅን ማለት ነው። ሮተርዳም ለሠርግ ስንሄድ ይህ ነገር ኪሴን አተረፈልኝ፤ ሆላንድ አውራ ጎዳናው ላይ ከጠዋት 6 እስከ ምሽት 19 ሰዓት 100 ነው፣ የጀርመን እግር ደግሞ 100ን አያውቅም። በአንድ ጓደኛዬ መኪና ላይም ፔዳሉን ከሥር የሚገፋውን ዓይነት ሞክሬአለሁ። ተሳፋሪ አይሰማውም፣ እግር ብቻ ነው የሚሰማው። እንዲህ ያለው ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ለቲት ቲቱ ከአምስት ሁለት ኮከብ። ለመሪው መገደቢያ አምስት።

አዲስ መኪና ልትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ ይህን አድርጉ። ሞተሩን አስነሱና አስጠንቃቂውን አጥፉት፤ ስንት ጊዜ እንደተጫናችሁ ቁጠሩ። የኔ መሪው ላይ አንዱን ቁልፍ ረዘም አድርጎ መያዝ ነው፣ አለቀ። የኤርትራዊው ባልደረባዬ በስክሪን አምስት ጊዜ ነው፣ ያውም ሦስተኛው ገጽ ላይ ወደ ታች መጎተት አለበት፤ በስመ አብ የሚለው ለዚያም ይመስለኛል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና አስነሱ፣ እንደገና ሞክሩት። ሻጩ «ኧረ ትለምዱታላችሁ» ካለ፣ ቁልፉን ለሱ ስጡትና እሱ ሃያ ጊዜ ያድርገው።