ጾመኛ ልጅ ጀርመን አዳሪ ኢንተርናሽናል ስኩል ስትገባ፦ የአንድ አመት ሪቪው

ታናሽ እህቴ በፈረንጆች 2024 ነሐሴ ላይ በ16 አመቷ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝታ ከአዲስ አበባ እዚህ ጀርመን፣ ኖርድራይን ቬስትፋለን የሚባል ክልል ውስጥ ያለ አዳሪ ኢንተርናሽናል ስኩል ገባች። እኔ ኮሎኝ ስለምኖር የቅርብ ተጠሪዋ እኔ ነኝ፣ ኢሜይሉም ስልኩም ስብሰባውም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ። ግን ዘንድሮ ልጃቸውን ለመላክ የሚዘጋጁ ሰዎች ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። ልጅቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች፣ ረቡዕና አርብ የማታፈርስ፣ ማተቧን ከአንገቷ የማታወልቅ ልጅ ናት፣ ሪቪውን በዛ አይን አንብቡት።

ትምህርቱ በጣም አሪፍ ነው፣ እሱ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የሚባለው የሁለት አመት ዲፕሎማ ነው፣ ስድስት ሰብጀክት፣ ባለ 4000 ቃል ድርሰት፣ ውጤቱ ከ45 ነው። እኔን በጣም ያስደሰተኝ አማርኛን እንደ አንደኛ ቋንቋ ሊትሬቸር እራሷ እያጠናች መውሰድ መቻሏ ነው፣ አስተማሪ ባይኖርም ትምህርት ቤቱ አንድ ሱፐርቫይዘር ይመድባል። ይሄ እንዳለ የማያውቅ ሀበሻ ብዙ ነው፣ ጠይቁ። ቲኦኬ (ቲዎሪ ኦፍ ኖውሌጅ፣ እውቀት ከየት ይመጣል ብለው የሚወያዩበት) የሚሉት ክላስ ላይ ደግሞ ስለ ሃይማኖት ክርክር ይነሳል፣ መጀመሪያ ሰሞን ከክላስ ወጥታ እያለቀሰች ደውላልኝ ነበር፣ እግዚአብሔር የለም የሚል ልጅ በህይወቷ ፊት ለፊት ሰምታ ስለማታውቅ። አስተማሪው ግን ጎበዝ ሰው ነው፣ ማንም ሲናቅ ዝም አይልም፣ አሁን እሷ ራሷ እጇን አውጥታ ነው የምትናገረው።

ወደ ምግቡ ልምጣ፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ፎርሙ ላይ ገና ከኢትዮጵያ ስትሞላ የእንስሳት ተዋጽኦ የማትበላባቸው ጊዜያት እንዳሉ ጽፋ ነበር፣ ኪችኑ ቬጀቴሪያን ብሎ መዘገባት፣ በቃ። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ፣ ቬጀቴሪያን የሚባለው መስመር ላይ ያለው ደግሞ ቺዝ የተጋገረበት ፓስታ፣ ክሬም ያለው ሾርባ፣ ኦምሌት ነው። ምስር ሾርባ አለ ብላ ደስ ብሏት ሄዳ ቋሊማ ተከትፎበት አገኘችው፣ እዚህ ሀገር የምስር ሾርባን እንደዛ ነው የሚወዱት። ልጅ ናት፣ አዲስ ናት፣ ማስቸገር አትፈልግም፣ ዝም ብላ ዳቦና ሙዝ እየበላች ከረመች፣ እኔ ያወቅኩት ቅዳሜ ስትመጣ ፊቷን አይቼ ነው። ይሄ ላይ በጣም ነው ያዘንኩት። ከሰማንያ ምናምን ሀገር ተማሪ አለን ብሎ የሚያስተዋውቅ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ለሳምንታት ዳቦ ብቻ ስታነሳ አንድ ሰው እንኳን ምነው ማለት ነበረበት።

ከዛ ሄጄ ከኪችን ኃላፊው ጋር ቁጭ አልን፣ በጀርመንኛ አንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፣ ስጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ቺዝ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ አመቱን ሙሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ካለው ሃምሳ ቀን በስተቀር። ሰውየው ደግ ነው፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም አለኝ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች በዘይት መምጣት ጀመረ። ሱፐርማርኬትም ቬጋን የሚል ምልክት ያለበት ነገር ሞልቷል፣ አልዲም ሊድልም ርካሹን ታገኛላችሁ፣ ዶርሙ ውስጥ ትንሽ ኪችን ስላለ ሽሮ ልከንላት ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰራለች።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። እሷ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ትቆያለች፣ ምሳ ግን በኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እራት 12 ሰዓት ነው። ይሄንን የፈታችላት የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ናት፣ ማሌዥያዊት ሙስሊም ልጅ። በ2025 ሁዳዴ የካቲት 17 (ፌብሩዋሪ 24) ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በዛው ሳምንት ማርች 1 ጀመረ። ለረመዳን ትምህርት ቤቱ ድሮም የተዘጋጀ ሲስተም አለው፣ ኪችኑ ምግቡን በእቃ አሽጎ ስም ጽፎበት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። ልጅቷ ስምሽን እዚሁ ሊስት ላይ እናስገባው ብላ ይዛት ሄደች፣ ከዛ በኋላ የእህቴ ምሳ ከነሱ ስሁርና ኢፍጣር ጎን ስሟ ተጽፎበት ይቀመጥላታል፣ ክላስ ጨርሳ ስትመጣ ታሞቀዋለች። ሁለቱም ንጋት ላይ ለጸሎት ስለሚነሱ አንዷ የአንዷን እንቅልፍ አታበላሽም፣ እናቴ ክፍሏን ከሙስሊም ልጅ ጋር ትጋራለች ሲባል መጀመሪያ ፈርታ ነበር፣ አሁን በየሳምንቱ ሰላም በይልኝ ነው የምትለው።

የማተቡ ነገር። ስፖርት ክላስ ላይ ሀብል፣ ጉትቻ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ለአደጋ ሲባል ይወልቃል፣ መምህሩም አውልቂ አላት። አላወልቅም አለች፣ ቁጭ ብላ ስታይ ዋለች። እኔ ስደውል ሰውየው ክር መሆኑን እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ አስረዳሁት፣ ተስማማን፣ አሁን የቁስል ፕላስተር ወስዳ ማተቡን ቆዳዋ ላይ ለጥፋ ትጫወታለች፣ ተፈታ።

መኝታ ክፍል ውስጥ ጧፍ ማብራትና እጣን ማጨስ ፈጽሞ ክልክል ነው፣ የእሳት አላርሙ ወዲያው ይጮሃል፣ ይሄን ለልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ምንጣፍ የተነጠፈበት የጸጥታ ክፍል አለ፣ የሁሉም እምነት ልጆች ይጠቀሙበታል፣ እህቴ ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን አጣፍታ እዛ ትጸልያለች፣ ማንም ለምን ብሎ አያያትም።

ቤተክርስቲያን በየሳምንቱ አይሆንም። ኮሎኝ ቅዱስ ሚካኤል በክልል ባቡር ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የወር ትኬት በ2025 በወር 58 ዩሮ ነበር፣ በፈጣኑ ባቡር አይሰራም። ቅዳሜ መጥታ እኔ ጋ ካላደረች ቅዳሴው አይደረስበትም፣ ለማደር ደግሞ የወላጅ ፊርማ ያለው ፈቃድ በየጊዜው ይጠይቃሉ፣ እናቴ ለአመቱ በሙሉ አንድ ወረቀት ፈርማ ስትልክ ነው የተገላገልነው። ገና ደግሞ እረፍቱ አልቆ ትምህርት የተጀመረበት ቀን ላይ ዋለ፣ ጃንዋሪ 7። በጽሁፍ ከጠየቃችሁ ለሃይማኖት በዓል ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ቀድማችሁ ጻፉ ብቻ።

ወላጆች አንድ ነገር እወቁ፣ ጀርመን ሀገር ልጅ 14 አመት ከሞላው ስለ ሃይማኖቱ የሚወስነው ራሱ ነው፣ ህጉ ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። እናቴ ደውላ መጾሟን መጸለይዋን ተከታተሉልኝ ስትል የዶርም ኃላፊዋ በትህትና ይሄ የልጅቷ ጉዳይ ነው፣ እሷ የጠየቀችንን እናሟላለን እንጂ አናስገድዳትም አለቻት። እናቴን ከፍቷት ነበር። እኔ ግን ትክክል ናት ባይ ነኝ። ቢራና ወይንም እዚህ በ16 አመት በህግ ይፈቀዳል፣ ግቢው ውስጥ ቢከለከልም ከተማ ወጥተው የሚጠጡ አሉ፣ ልጃችሁ ለራሷ የያዘችው ነገር ከሌላት የሚጠብቃት የለም። እህቴ የምትጾመው የሚያያት ሳይኖር ነው፣ እኔ በዛ ነው የምኮራባት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለዛ ህዳር ነው። በ2025 ዲፕሎማውን ላስጀመራችሁ ግን አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ፦ የእናንተ ልጆች የሚፈተኑት በ2027 ሜይ ሴሽን ነው፣ ፋሲካ በዛ አመት ሜይ 2 ይውላል፣ ስቅለት ኤፕሪል 30፣ ፈተናው ደግሞ ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ ይጀምራል። ሰሞነ ህማማት ላይ ፈተና ቢመጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል የአይቢ ኮኦርዲኔተሩን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ያዙ።