አሥራ አራት ወር ከመጀመሪያ ጀልባዬ ጋር

ጀልባዬ 4.3 ሜትር የምትረዝም፣ ያገለገለች የአልሙኒየም ጀልባ ናት፤ ሞተሯ ባለ 4 ስትሮክ፣ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬም ብገዛ እሷኑ እገዛለሁ። ከመክፈሌ በፊት የማየው ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ያኔ ዓይኔ ያረፈው ቀለሟና መቀመጫዋ ላይ ነበር። ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አስነስቼ ይሠራል ብዬ ከፈልኩ። በአራተኛው ወር ከልጄ ጋር መሀል ሐይቅ ላይ ሳለን፣ ከሞተሩ እየቀጠነ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ጭራሽ ቆመ፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያውም ጮኸ። ወዲያው አጥፍቼ እስከ ዳር ቀዘፍን። ሲፈታ የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ትንሽ ዕቃ ናት፤ መቼ እንደተቀየረች ሻጩን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያገለገለ ሞተር ስታዩ ሳይሞቅ ራሳችሁ አስነሱት። ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የካምቢዮውን ዘይት ጥቂት አፍስሱና እዩ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ጀልባው ፋይበርግላስ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ አንኳኩ፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳዋ ላይ አራት ሰው ትጭናለች ይላል። ሁለት ሆነን ስንሄድ ከውሃው በላይ ትንሸራተታለች፤ አራት ስንሆን ግን ውሃውን እያረሰች ነው የምትሄደው፣ ቤንዚኑም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ቤንዚኔን ለሦስት እከፍላለሁ፦ ለመሄጃ፣ ለመመለሻ፣ ለክፉ ቀን። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቆመን ዓሣ ስናጠምድ አትዋልልም፤ ማዕበል ሲነሳ ግን ወገብ ትቀጠቅጣለች።

ጀልባዋ በመንገድ የምትጫንበትን ተጎታችም አትርሱ። ከመንገድ የሞቀ ኩሽኔታ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይስባል፤ እኔ በየጊዜው ቅባቱን አድሳለሁ።

ከሁሉ በላይ የምሳሳለት ግን ሞተር የሚያጠፋው የእጅ ገመድ ነው። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ካልታሰረ ጀልባዋ ፕሮፔለሯ እየዞረ ተመልሳ ልትመጣበት ትችላለች። ልጄ አሁን ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ፣ ገመዱ እጄ ላይ መታሰሩን ሳያይ አይቀመጥም።