የግራን ፖር የባሕር ውጊያ በማኤቡር ሙዚየም

በሞሪሽየስ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በማኤቡር ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1810 በግራን ፖር ወሽመጥ ያደረጉትን የባሕር ውጊያ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከልብ የምመክረው ቦታ ነው። ሙዚየሙ ያረፈበት ቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የባለርስት መኖሪያ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አዛዥ ዱፔሬና እንግሊዛዊው ካፒቴን ዊሎቢ ቆስለው በአንድ ጣሪያ ሥር የታከሙት እዚሁ ነው። ሌላ ቦታ በመስታወት ሣጥን ብቻ የሚታየውን ታሪክ እዚህ ግድግዳው ራሱ ይዞታል።

የጠቡ ሥር ንግድ ነበር። ደሴቲቱ ኢል ደ ፍራንስ እየተባለች በፈረንሳይ እጅ በነበረችበት ዘመን፣ ከወደቦቿ የሚነሡ የጦር መርከቦች የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያን መርከቦች እያሳደዱ ይማርኩ ስለነበር፣ እንግሊዞች ይህን የንግድ መንገዳቸውን አንገት የያዘ ምሽግ ለመስበር ቆርጠው ተነሡ። በመጀመሪያ የወሽመጡን መግቢያ የምትጠብቀውን ኢል ደ ላ ፓስ የተባለች ትንሽ ደሴት ያዙ፤ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ በመስቀልም ዱፔሬን ወደ ወጥመድ ሳቡት። እሱ ግን ተኩሱን ተቋቁሞ ወደ ውስጥ ዘለቀና መርከቦቹን ከኮራል አለቶቹ ጀርባ በመደዳ አሰለፈ። ኦገስት 23 ቀን አራት የእንግሊዝ መርከቦች ለማጥቃት ሲገቡ ሲርየስና ማዢሲየን አለት ላይ ተቀረቀሩ፣ ኢፊጂኒያም መጠጋት ተሳናት። የዊሎቢ ኔሬይድ የጠላትን መድፍ ሁሉ ብቻዋን ስትቀበል አመሸች፤ አብዛኞቹ መርከበኞቿ ከሞቱና ከቆሰሉ፣ እሱም አንድ ዓይኑን ካጣ በኋላ እጅ ሰጠች።

ከሁሉም በላይ ዓይኔን የያዙት፣ መርከበኞቿ ራሳቸው ካቃጠሏት ከማዢሲየን ስባሪ የወጡት ቅርሶች ናቸው። ብረቱን ጨው በልቶት ገጹ ተቦርብሯል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት የባሕሩ ወለል ለእነዚያ መርከቦች ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1744 የሰጠመችው የሴን ዤራን መርከብ ደወልም እዚሁ ስላለ ሳያዩት አይውጡ።

ፈረንሳይ ይህን ድል በፓሪስ የድል ቅስት ላይ አስቀርጻዋለች፤ ደሴቲቱን ግን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለእንግሊዝ አስረከበች። ይህን ሁሉ ለማገናዘብ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔን የወሰደኝ አስጎብኚ ድርጅት ሙዚየሙን እንደ መንገድ ዳር ማረፊያ ቆጥሮ ስላጣደፈን እጅግ አዝኛለሁ፤ ስለዚህ በራስ መሄድ ይሻላል። ከመግባትዎ በፊትም ለሁለቱም ወገን ሟቾች ሐውልት ወደቆመበት የባሕር ዳር ጎራ ብለው ወሽመጡንና ኢል ደ ላ ፓስን በዓይንዎ ቢያዩ፣ መርከቦቹ የት እንደተቀረቀሩ ውስጥ ሲገቡ በቀላሉ ይከተሉታል።