ታርዛን በፎስተርና በሆጋርት እጅ
ሃል ፎስተር የታርዛንን የእሁድ ጋዜጣ ሥዕላዊ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1937 ሲሥል ጫካው በእግር የሚገባበት እውነተኛ ስፍራ ይመስል ነበር፤ ታርዛን ቅርንጫፍ ላይ ሲቆም እንኳ ክብደቱ ያረፈበት እግር በግልጽ ይለያል። በ1937 እሱን የተካው በርን ሆጋርት መጀመሪያ የፎስተርን አሣሣል ለመከተል ቢጥርም፣ ውሎ አድሮ የራሱን መንገድ ያዘ፤ የታርዛን ጡንቻ ቆዳ ያልሸፈነው ይመስል አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጣቶቹ ተወጥረው ይዘረጋሉ፣ የዛፉ ሥር ሳይቀር እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ለትግል ትዕይንት ሆጋርትን እመርጣለሁ። ታሪኩን ተረጋግቶ ለመከተል ግን ፎስተር ይበልጥብኛል፤ የሆጋርት ታርዛን ቆሞ ሲያዳምጥ እንኳ ሊዘል የተዘጋጀ ስለሚመስል፣ አደጋው በእርግጥ ሲመጣ (ይህ የእኔ ስሜት ነው) ለድንጋጤ የተረፈ ቦታ የለም።