ሦስት የፖም ኬክ ለሮሽ ሐሻና፦ ያመንኩት ጉድ ሠራኝ፣ የናቅኩት አወጣኝ

ዘንድሮ የሮሽ ሐሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ እራት እኛ ቤት ነበር። 14 ሰው። ዶሮ ወጡን እማዬ ያዘች፣ ጣፋጩ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ኬክ ጋግሬ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚሁ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ሰፈራችን ካለ ኬክ ቤት ሦስት ዓይነት የፖም ጣፋጭ አዘዝኩ። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ፖም በማር እያጠቀሱ መብላት የበዓሉ ወግ ነው፣ ዓመቱ ይጣፍጥልን ነው ነገሩ። እኛ ቤት የገባው ግን እስራኤል ከመጣን በኋላ ነው። እማዬ በየዓመቱ «ማሩስ ጎንደርም ነበረን፣ ፖም የት አይተን!» ትላለች። እነሱ፣ የጎንደር ቤተ እስራኤሎች፣ በዓሉን ብርሃን ሠረቀ ነበር የሚሉት፣ የሚያከብሩትም አንድ ቀን ብቻ። እዚህ ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ለኬክ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ያዘዝኩት ታርቱን ነው፣ ከላይ ክፍት የሆነ የሊጥ ጣፋጭ። ፖሙ በስሱ ተቆርጦ እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሏል፣ ሲያዩት ያሳሳል። የመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። እንግዲህ በአይሁድ የምግብ ሕግ ከስጋ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ወተትም ቅቤም ሊኖርበት አይችልም፣ ፓርቬ፣ ማለትም ስጋም ወተትም የሌለበት፣ መሆን አለበት፤ ዶሮም ስጋ ነው። ሳዝ ይሄንን ሦስቴ ጠይቄያለሁ። ልጅቷ «አዎ አዎ፣ ሁሉም ፓርቬ ነው» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ። ዶሮ ወጡ ተበልቶ፣ ሰሃን ተነስቶ፣ ቢላዋ ይዤ ልቆርስ ስል የወንድሜ ሚስት ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ «ኧረ ይሄ እኮ ሐላቪ ይላል!» አለች። ሐላቪ ማለት ወተት ያለበት ነው፤ ከፖሙ ስር ያለው ክሬም የወተት ነው። ጽሑፉ ካርቶኑ ታች ላይ፣ በጉንዳን ፊደል። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ታርቱ ወደ ፍሪጅ ተመለሰ። በማግስቱ ስንቀምሰው ሊጡ ርሷል፣ ፖሙም ጠቁሯል። 120 ሼቄል ለፎቶ!

ሽትሩድሉ፣ ፖም በስስ ሊጥ የተጠቀለለበት፣ አይከፋም። ቀረፋው ልክ ነው፣ ስኳሩም አልበዛም። ግን ታቹ እርጥብ ነበር። ከፖሙ ስር የዳቦ ፍርፋሪ ቢነሰነስበት ውሃውን ይመጥለት ነበር፣ ይሄን የጋገረው ሰው ዘሎታል መሰለኝ። በበዓሉ ቀን አዲስ እሳት ስለማይለኮስ ቀድሞ በበራው ፕላታ፣ የኤሌክትሪክ ምግብ ማሞቂያ፣ ላይ አሞቅነው፣ ባሰበት። ፕላታ ያሞቃል እንጂ አያደርቅም። ሽትሩድል የምታዙ ከሆነ በዚያው ቀን ጨርሱት።

ሦስተኛው ተራ የፖም ኬክ ነው። ልተወው ብዬ ነበር፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፣ መልኩም ዳቦ ነው የሚመስለው። በዘይት የተሠራ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ስትቆርሱት ግን ፖሙ ጉርድ ጉርድ ብሎ ይታያል። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ነው፣ ሲጋገር አይሟሟም፣ ኮምጠጥ ማለቱ ደግሞ ከማሩ ጋር ሲገናኝ ልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር፤ የገረመኝ ሁለተኛው ቀን ነው። ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ኬኩ አልደረቀም፣ እንዲያውም ቀረፋው ይበልጥ ገብቶበት የባሰ ጣፈጠ። ጣፋጭ የማትወደው እማዬ እንኳን «ይሄስ ቁም ነገር አለው» አለች። ከሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ የታርቱን ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ ሳይከራከር ገንዘቤን መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ፣ ለሱ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ግን ሐላቪ የሚለውን ከላይ ቢለጥፈው ምን ነበረበት? ለኬኩ እመለሳለሁ። ከመክፈሌ በፊት ግን ካርቶኑን እዚያው ፊቱ እገለብጠዋለሁ።

የመጨረሻዋን ቁራጭ እማዬ በሶፍት ሸፍና «የጋሼ ናት፣ እንዳትነኩ» ብላ አስቀመጠቻት። ማታ ወደ ኩሽና ብቅ ስል ብቻዋን ተቀምጣ በቡና እየበላቻት ነበር።