ፕሪያልት፦ ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተገኘ የሕመም ማስታገሻ ሲመዘን

ሾጣጣ ዛጎል ካላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች መርዝ መድኃኒት ይገኛል ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ወደፊቱ ተስፋ ነው፤ እኔ ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተፈቀደ ወዲህ በሐኪሞች እጅ ያለውን ዚኮኖታይድን፣ በንግድ ስሙ ፕሪያልትን፣ እንደማንኛውም ምርት ልመዝነው እወዳለሁ።

የመነሻው እንስሳ ኮነስ ማገስ ይባላል። እየተሳበ የሚሄድ በመሆኑ ዓሣን አሳድዶ መያዝ ስለማይችል፣ እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት በሆነው ጥርሱ አንድ ጊዜ ወግቶ ባለበት ያደነዝዘዋል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የባልዶሜሮ ኦሊቬራ የምርምር ቡድን የሾጣጣ ቀንድ አውጣዎችን መርዝ በየክፍልፋዩ ለይቶ በአይጦች አንጎል ውስጥ ሲወጋ፣ አንዱ ክፍልፋይ አይጧን እንቅልፍ ሲጥላት ሌላው ያንቀጠቅጣት ነበር፤ አንድ መርዝ የሚመስለው ጠብታ ለካ የብዙ ፔፕታይዶች (እንደ ፕሮቲን ያሉ ግን አጫጭር የሆኑ ሰንሰለቶች) ቅይጥ ኖሯል። የቡድኑ አባል ማይክል ማኪንቶሽ ገና ወጣት ተማሪ ሳለ ከኮነስ ማገስ መርዝ ነጥሎ ያወጣው ፔፕታይድ በኋላ ዚኮኖታይድ ሆነ።

መድኃኒቱ 25 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት፣ በ3 የሰልፈር ድልድዮች የተቆላለፈ ሞለኪውል ሲሆን፣ ዛሬ በኬሚካል ዘዴ ስለሚሠራ ለእርሱ ሲባል የሚታደን ቀንድ አውጣ የለም። ትልቁ ብልጫው ዒላማውን መምረጡ ነው፤ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት ከነርቭ ወደ ነርቭ ለመሻገር የሚያስፈልገውን፣ ኤን ዓይነት የተባለውን የካልሲየም በር ይዘጋል። ሞርፊን በሚሠራበት መንገድ ስለማይሠራ ትንፋሽ አያፍንም፤ በድንገት ቢቋረጥም በሽተኛውን እንደ ሱሰኛ አያንገላታውም።

ጉድለቱ ከአወሳሰዱ ይጀምራል። ከደም ወደ ኅብለ ሰረሰር በበቂ መጠን ስለማይዘልቅ፣ በቀጭን ቱቦ ኅብለ ሰረሰርን ወደሚከበው ፈሳሽ በቀጥታ መንጠባጠብ አለበት፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ በሆድ ቆዳ ሥር በቀዶ ሕክምና የሚቀበርና በየጊዜው በመርፌ የሚሞላ ፓምፕ ያስፈልጋል። ክኒን ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው መጠኑን ማስተካከሉ ነው። በካንሰርና በኤድስ ሕመም በሚሠቃዩ 111 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት የሕመሙ መለኪያ በአማካይ በ53 በመቶ ሲሻሻል፣ ለማነጻጸር በተሰጠው፣ ፈዋሽ ንጥረ ነገር በሌለው ማስመሰያ መድኃኒት የተሻሻለው በ18 በመቶ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን መጠኑ የጨመረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለነበር የጎንዮሽ ጉዳቱም የዚያኑ ያህል በርትቶ ታየ። በሌሎች 220 ሕሙማን ላይ መጠኑ በ3 ሳምንት ቀስ እያለ ሲጨመር ጉዳቱ ተቻለ፣ ማሻሻያው ግን 14.7 በመቶ ሆነ፤ የማስመሰያው 7.2 ነበር። የሕሙማኑ ዓይነት ስለሚለያይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማወዳደር ባይገባም፣ በዕለት ተዕለት ሕክምና ሊጠበቅ ለሚገባው ውጤት የሚቀርበው በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ነው። በዝግታ ከሚሳብ እንስሳ የተገኘው መድኃኒት ራሱም ዝግታን ግድ ይላል (ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሐኪም ይመስላል)፤ በቀን ከ2.4 ማይክሮግራም በማይበልጥ ተጀምሮ ከ19.2 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም።

ማዞርና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው። የሚያስፈራው ግን የአእምሮ መታወክ ነው፤ ግራ መጋባት፣ የማስታወስ ችግር፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት። የመድኃኒቱ መግለጫም ይህንን ለከባድ አደጋ በሚጻፈው፣ በጥቁር ሣጥን በተከበበው ማስጠንቀቂያ አስጠንቅቆ፣ ከዚህ ቀደም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ለነበረበት ሰው ጨርሶ ይከለክለዋል።

ስለዚህ ሞርፊንን ጨምሮ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልበጀው ሰው እንጂ ለጀማሪ አልመርጠውም። ለመጠቀም የወሰነም አብሮት የሚኖር ዘመዱን ሐኪሙ ዘንድ ይዞ ይሂድ፤ ሐሳቡ የተዛባ ሰው መዛባቱን ራሱ ላያውቀው ይችላልና፣ ፓምፑ እንዲቆም ስልክ የሚደውለው ያ ዘመድ ነው።